ጊታር የማይገባበት ምድጃ

ናሽቪል፣ ማርች 4 ቀን 1979

ለወንድሜ ልጅ ለኦርሊና፤

ይህ ወረቀት አንቺን በጤና፣ እናቴንም በረንዳዋ ላይ ሱረቷን ይዛ ሰው ስትተች ያግኛችሁ። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ለክፉ አልሰጠኝም፤ ጌታ ይመስገን።

ምናልባት አታስታውሺኝ ይሆናል። አባትሽን አርቪልን የቀበርን ቀን እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተወሽቀሽ፣ ስምሽን ማን ይሉሻል ብልሽ እንኳ እንቢ ያልሽኝ አክስትሽ ቬስታ ነኝ።

አሁን የጻፍኩልሽ ለደስታ ነው። እህቴ ዜላ ካረፈች ወዲህ ዘፈኗ በየሬዲዮው እያነሰ ሄደ፤ ሰው ቶሎ ይረሳል። እግዚአብሔር ሲፈቅድ ግን የሕይወት ታሪኳ ፊልም ሊሆን ነው። ከድራይ ፎርክ ሸለቆ ተነስታ እዚህ ትልቁ መድረክ ላይ እስክትቆም ያለው ሁሉ ይታያል። ዕድሜዬን ሙሉ የመድረክ ቀሚሷን የሰፋሁላት እኔ ስለሆንኩ፣ ፊልም ሠሪዎቹን በታሪኳ የማማክራቸው እኔ ነኝ።

በሜይ ወደ እናንተ ይመጣሉ። ከሸለቆው ራስ ያለውን አሮጌውን የጸሎት ቤት ይፈልጉታል፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በድሮው አዘማመር የሚዘምር ሰውም ይፈልጋሉ። ለሁሉም ይከፍላሉ። እናቴን በዘዴ አድርገሽ ንገሪያት። ጎረቤቱንም አሰባስቢልኝ።

ከተመቸሽ ደግሞ በክር ተሰክቶ የደረቀ ፎሶሊያ ላኪልኝ። እዚህ ብዙ ነገር አለ፣ እሱ ግን የለም።

የሩቋ አክስትሽ
ቬስታ ፕራተር

---

ድራይ ፎርክ፣ ማርች 19 ቀን 1979

ለውድ አክስቴ ለቬስታ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ እኛ አለን፣ የበረዶው ክረምትም ሳይገድለን ወጣ፣ ላማችንም ወለደች፣ ጽሕፈቴን አይዩብኝ፣ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ደብዳቤ ስጽፍም የመጀመሪያዬ ነው ማለት ይቻላል፣ ፖስተኛው ስሜን ሲጠራኝ ሰው የሞተ መስሎኝ ባልዲ ጣልኩ።

ደብዳቤውን ለአያቴ ለእማማ ሮዳ አነበብኩላት። ሱረቷን ጣሳው ውስጥ ተፋችና ፊልም አለች፣ አዎ ስላት፣ «የዜላ? ዜላ ሞታ ማን ሆኖ ነው የሚዘፍነው?» አለች። ተዋናይት ናት አልኳት። «እኔንስ ማን ነው የሚሆነኝ?» አለች። አንቺንም ተዋናይት አልኳት። «ቆንጆ ናት?» እኔ እንጃ እማማ። «ቆንጆ ካልሆነች አልፈቅድም ብለሽ ጻፊላት፣ ባሌ የሞተው እኔን እያየ ነው» አለች፣ ጻፊ ስላለችኝ ነው የጻፍኩት፣ ይቅርታ።

ሰው አሰባስቢ ላሉኝ፣ አክስቴ፣ እኔኮ ሰው ፊት ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ ሱቅ ሄጄ ጨው ስጡኝ ማለት አቅቶኝ በጣቴ ነው የማሳየው፣ የምዘምረው ላሟን ሳልብ ብቻ ነው፣ እሷ ዞራ አታየኝም። ግን ለጎረቤታችን ለዶቪ ነገርኳትና ዶቪ ለሁሉም ነገረች፣ የዶቪ አፍ ከሬዲዮ ይበልጣል።

ወንድም ሆባርት፣ ሽማግሌው ሰባኪያችን፣ እንመጣለን ግን እንደ ሥርዓታችን ነው ብለዋል። አንድ ወንድ ቆሞ ዜማውን ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ መጽሐፍ የለም፣ የሙዚቃ መሣሪያ ደጅ ነው የሚቀረው፣ ይሄን ይንገሯቸው አሉኝ። እማማም እመጣለሁ ብላለች። እንደ ሁልጊዜዋ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አፏን ሳትከፍት ነው የምትመጣው፣ ለምን እንደማትዘምር ለእኔ ነግራኝ አታውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ፊልሙ ስለ እማማ ምንድነው የሚለው? በዕድሜዋ መጨረሻ ሰው ሁሉ ሊያያት ነውና ፈራሁ። እኔ ሁሉን ነገር እፈራለሁ፣ እሱን ይተዉት።

ፎሶሊያውን ልኬያለሁ፣ እማማ ናት በገዛ እጇ የሰካችው። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ኦርሊና

---

ናሽቪል፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1979

ለኦርሊና፤

ሰላምና ጤና ከደጃችሁ አይጥፋ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ፎሶሊያው ደርሶኛል፤ ቀኑን ሙሉ ቀቅዬ ብቻዬን ጨረስኩት።

ስለ ፊልሙ አታስቢ። ፊልም የራሱ መንገድ አለው፤ አንዱን ያጎላል፣ ሌላውን ያሳንሳል። ዋናው የዜላ ስም መነሳቱ ነው።

ሦስት ነገር እለምንሻለሁ። ያቺን የእናቴን የኮከብ ብርድ ልብስ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በኮከብ ቅርጽ የተሰፋችውን፣ ለፊልም ሠሪዎቹ አውሺልኝ። ሁለተኛ፣ ዴኒስ የሚባል ወጣት መጥቶ ወጥ ቤታችሁን ያያል፤ በሩን ክፈቺለት። ሦስተኛ፣ የጸሎት ቤቱ ቀረጻ ቀን እናቴ እዚያ ባትገኝ ይሻላል። ሙቀት አለ፣ መብራታቸው ዓይን ይጎዳል። ዶቪ ቤት አውያት።

እናቴን ሳሚልኝ።

ቬስታ

---

ድራይ ፎርክ፣ ሜይ 7 ቀን 1979

ለአክስቴ ለቬስታ፣ ጤናዎን ይስጥልኝ፣ እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር ግን ደህና አይደለንም፣ እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው።

ዴኒስ መጣ። መልካም ልጅ ነው፣ ጫማውን ሁሉ በር ላይ ጠረገ። ትከሻው ላይ ጊታር አንጠልጥሏል፣ የሚዘፍንልን መስሎኝ ነበር። ወጥ ቤት ገባና የብረት ምድጃችንን በር ከፈተ፣ ከዚያ ጊታሩን በሆዱ በኩል ሊያስገባው ሞከረ፣ አይገባም፣ በጎኑ አደረገው፣ አይገባም፣ በአንገቱ በኩል ሰደደው፣ አንገቱ ገባና ትከሻው ላይ ቀረ። እማማ ጠረጴዛው ጋ የበቆሎ ዘር እየለቀመች ታየዋለች።

«ልጄ» አለችው፣ «ምን አጥፍቶ ነው?»

«ማን እማማ?»

«ጊታሩ። ገሃነም የምትሰደው ምን አጥፍቶ ነው?»

እሱም ሳቀ። በፊልሙ እናትየዋ ጊታሩን ምድጃ ውስጥ ከታ ታቃጥለዋለች፣ ልጅቷ አልቅሳ ከቤት ትወጣለች፣ ከዚያ ዝነኛ ትሆናለች አላት። ማንነቷን አላወቀም አክስቴ፣ ማንም አልነገረውም፣ የዜላ እናት የሞተች ነው የመሰለው።

«እናትየዋ ክፉ ናት?» አለችው።

«በጣም! እሷ ባትኖር ፊልሙም የለም።»

«ስሟስ?»

«ሮዳ።»

«አይ ሮዳ!» ብላ ራሷን ነቀነቀች። «አውቃታለሁ። ብዙ ኃጢአት አለባት። በዚያ የምድጃ አፍ ግን ድመት እንኳ አስገብታ አታውቅም።»

እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። የበቆሎ ዳቦ በአሬራ ሰጠችው፣ በላ፣ ደገመ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ይሄን ማን ነገራችሁ አልኩት፣ ድምፄ አልወጣ ብሎ ሁለቴ ነው የጠየቅኩት። «እህትየዋ ናታ፣ ልጅ ሆና በዓይኗ አይታለች» አለኝ።

ሲመሽ እማማን እኔ ስጨቀጭቃት ነው የነገረችኝ። ጊታሩን አያቴ በአሳማ ለውጦ ያመጣው ነው አለች፣ ዜላ አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ ከተራራው ማዶ ሬዲዮ ጣቢያ ነይ ዝፈኚ አሏት፣ ግን የቤተክርስቲያን ልጅ ጊታር ይዛ ስትሄድ ከታየች የጸሎት ቤቱ ወንድሞች መንገድ ላይ ይመልሷታል። ስለዚህ እማማ ጊታሩን በኮከብ ብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቀፈችው፣ እየወዘወዘች እሹሩሩ እያለች በሰው ደጅ ሁሉ አለፈች። ማን ታመመብሽ ሲሏት ተላላፊ ነው ራቁ ትላለች። ጀርባዬም የራሱ ሸክም ነበረበት፣ ወገቤ ተቆርጦ ነው ተራራውን የወጣሁት አለች፣ ዱቄት ይሆናል። የዶቪ እናት ለታመመው ሕፃን ብላ ሾርባ ስትልክ ከረመች፣ እማማም ምን ታድርግ፣ ጠጣችው!

በኋላ ዜላ በሬዲዮ ስትዘፍን ሱቁ ጋ ሁሉም ሰማ፣ ሕፃኑ ማን እንደነበር ገባቸው። ቤተክርስቲያን አቆሟት፣ ይቅርታ በይ አሏት። «በሕፃን ስለዋሸሁና ሾርባችሁን ስለጠጣሁ ይቅርታ። ስለ ጊታሩ ግን አልልም» አለች። ከማኅበራችን ወጥተሻል፣ ከእንግዲህ አንጨብጥሽም ብለው እጃቸውን ነሷት። ከዚያ ወዲህ ነው የመጨረሻው አግዳሚ፣ «እጃቸውን ሲመልሱልኝ አፌን እመልስላቸዋለሁ» ትላለች፣ ይኸው ልጆቿን ቀብራ አርጅታ አሁንም እንደዚያው ናት።

አክስቴ፣ እሷን ያስወጧት ጊታሩን ስለተሸከመች ነው፣ አሁን ፊልሙ አቃጠለችው ሊል ነው። ይህን እርስዎ ነዎት ያሉት? ስህተት ነው ይበሉኝ። ዴኒስ ዋሽቶ ነው ይበሉኝ፣ አምንዎታለሁ። የኮከቧን ብርድ ልብስ አልሰጠሁም።

ኦርሊና

---

ናሽቪል፣ ሜይ 16 ቀን 1979

ኦርሊና፤

ጤና ይስጥልኝ።

ያቺ ሸለቆ ሁሉን ታውቃለች አይደል? እንግዲያው ይህንንም ታውቅ። ሁለት ኩባንያ ታሪኩን ሰምቶ ትቶታል። እናት ልጇን ወደደች፣ ልጅ ዘፈነች፣ አለቀ፤ ለዚህ ማን ትኬት ይቆርጣል? ሦስተኛው «ማን ነው የከለከላት?» ሲለኝ መልስ ያስፈልገኝ ነበር። እህቴ ተረስታ ከምትቀር የሞቀ ምድጃ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ደግሞ ስለ እናቴ ለእኔ አትንገሪኝ። ዜላን በዘፈን ወለደቻት፣ እኔን በመርፌ። ለዜላ ጊታር አቅፋ ተራራ ወጣች፤ ይህን ተረት ስሰማ ነው ያደግኩት። ለእኔ ምን ተሸከመችልኝ? ዕድሜዬን ሙሉ በአፌ መርፌ ነክሼ የሌላ ሰው ቀሚስ ጫፍ ሥር ተንበርክኬ ኖርኩ። ማንም ምን ትፈልጊያለሽ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን የምልሽን ስሚ። የምድጃው ቀረጻ እናንተ ቤት ነው የሚሆነው። አፉ ከጠበበ ይቆርጡታል፣ አዲስ ይተኩላችኋል። እምቢ ካላችሁ ድራይ ፎርክን ትተው ሌላ ሸለቆ ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ሥራ ያገኘው ሰው ሁሉ ፊቱን የሚያዞረው በአንቺ ላይ ነው። ጨው ስጡኝ ማለት የማትችል ልጅ አገር ሙሉ ልትቋቋሚ ነው?

ዝም በይ፤ ዝምታ ትችያለሽ።

ቬስታ

---

ድራይ ፎርክ፣ ጁን 11 ቀን 1979

ለአክስቴ ለቬስታ፣

እግዜር ጉልበትዎን ይማርልኝ፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው፣ ቀጥሎ የምጽፈው ግን አያስደስትዎትም።

ምድጃውን አልሰጠሁም። ዴኒስ ከሁለት ሰዎች ጋር የብረት መቁረጫ ይዞ መጣ፣ እኔ በሩ ላይ መጥረጊያ ይዤ ቆምኩ፣ ለምን መጥረጊያ እንደያዝኩ እኔም አላውቅም፣ እግሬ እየራደ መጥረጊያው ወለሉን ብቻውን ይጠርግ ነበር። አይሆንም አልኩ። ምን አልሽ አሉኝ፣ አልሰሙማ። አይሆንም! አልኩ ጮክ ብዬ። ውሻችን ደንግጦ ሮጠ። «አዲስ ምድጃ ይገዛላችኋል እኮ» አለ አንዱ። እማማ ከውስጥ «በአዲሱም አፍ ውስጥ ውሸት ልትከቱ ነው?» አለች። ያኔ ነው ዴኒስ ማን እንደሆነች የገባው፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ የበላው የበቆሎ ዳቦ ጉሮሮው ላይ የቆመ ነው የመሰለው። ሄዱ። ሌላ ቦታ በሳንቃ ቤት ሠርተው ትልቅ አፍ ያለው ምድጃ አስመጡ አሉ፣ ያቃጥሉ፣ በእኛ ቤት ግን አይደለም።

ሌላ ሸለቆ ይሄዳሉ ብለውኝ ነበር፣ አልሄዱም። የጸሎት ቤቱን ወደውታል።

እማማን ዶቪ ቤት አውያት ብለው ነበር። ነገርኳት። «መብራት ዓይኔን ይጎዳል? ሰባ ስምንት ዓመት ፀሐይ ሲያየኝ ኖሮ?» ብላ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰችና ከእኔ ቀድማ ወጣች።

አሁን የሆነውን ልንገርዎት፣ ቀስ ብዬ ልጽፍ እየሞከርኩ ነው።

ሁላችንም የድሮ ልብስ ለብሰን ተቀመጥን፣ ሽቦ በየቦታው፣ ሙቀት፣ ዝንብ። ዳይሬክተሩ መነጽር ያለው ቀጭን ሰውዬ ነው። ዜላን የምትሆነው ልጅ ከነጊታሯ መሃል ገብታ ቆመች፣ ሰውየው ዘምሩ አለ። ማንም አልዘመረም። ዘምሩ! አለ። ዝም። ዝንቧ ብቻ ናት የምትዘምር። «ምን ሆኑ?» ብሎ ዴኒስን ጠየቀ፣ ዴኒስ አያውቅ። ወንድም ሆባርት ተነሱና «ጌታው፣ ያቺ ነገር እዚህ ቤት ውስጥ እያለች አፋችን አይከፈትም፣ እልህ አይደለም፣ ዝም ብሎ አይከፈትም» አሉት። ብዙ ተከራክሮ ጊታሩን ደጅ አስወጣ፣ ልጅቷንም ባዶ እጇን አስቀመጣት።

ከዚያ ሰባኪ የሚሆነው ተዋናይ ተነስቶ ዜማውን አወጣ። አወጣ ልበል እንጂ አነበበው ማለት ነው፣ የአየር ሁኔታ የሚናገር ነው የመሰለው፣ ድምፁ ቆንጆ ነው ግን የሚይዙት ነገር የለውም። እንግዲህ ያልወጣን ዜማ እንዴት ይቀበሉታል? ሰዎቻችን መሬት መሬት አዩ። ዶቪ በሹክሹክታ «ይሄ ሰውዬ ፈረስ ሳይኖር ልጓም ይስባል» አለችኝና ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ዳይሬክተሩ ተናደደ። እንዲያው ይለፍ፣ ዝማሬውን በኋላ ከሌላ ቦታ እንለጥፍበታለን፣ አሁን እናትየዋ ተነስታ ልጇን በፀጉሯ እየጎተተች ታውጣት አለ። እማማን የምትሆነው ተዋናይት፣ እውነቴን ነው አክስቴ ቆንጆ ናት፣ ተነሳች፣ የዜላን ፀጉር ያዘች። እኔ ዞር ብዬ እማማን አየሁ። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ምርኩዟን ይዛ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ የራሷን እጅ እያየች ነው፣ ጎትቶ የማያውቅ እጇን እያገላበጠች ታየዋለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን እንዳደረገው አላውቅም። እኔ ነኝ ይላሉ። ተነስቼ ቆምኩ፣ ጉሮሮዬ ያ የሚዘጋው ተከፈተና

ተራራው ቢረዝም፣ ቢመሽብኝ መንገዱ

ብዬ አወጣሁት። ላሟን ሳልብ እንደማወጣው። ሴት በዚያ ቤት ዜማ አውጥታ አታውቅም፣ እርስዎ ያውቃሉ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅኩት፣ ማንም አይቀበልም፣ ወንዶቹ ወንድም ሆባርትን ያያሉ፣ ወንድም ሆባርት ወለሉን ያያሉ፣ ዜማዬ ጣራው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ልሞት ነው አልኩ።

ከኋላ አንድ የተሰነጠቀ ድምፅ ተቀበለኝ።

እማማ ናት። አፏን ከፍታ፣ ምርኩዟን ወለሉ ላይ ተክላ፣ ያችኑ መስመር እየጎተተች እየለጠጠች ተቀበለችኝ። እጃቸውን ሳይመልሱላት ነው አክስቴ፣ እሷ ቀድማ። በኋላ ለምን ስላት «ልጅ ሜዳ ላይ ተጥላ አፌን ልቆጥብ?» አለችኝ። ከዚያ ዶቪ፣ ከዚያ ሁሉም፣ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛውን አወጣሁ፣

ማዶ ያሉ ወዳጆች እጃቸውን ሰደዱ

ስል ወንድም ሆባርት ከቦታቸው ተነሱ፣ ሽቦውን እየረገጡ፣ ካሜራ ፊት እያለፉ፣ ወደ መጨረሻው አግዳሚ ሄዱና እጃቸውን ዘረጉላት። እማማ እጃቸውን ዝም ብላ አየችው፣ «ቆየህ ሆባርት» አለች፣ «ሾርባው እንኳ በረደ»፣ ከዚያ ያዘችው። ሰው ሁሉ ተነስቶ እየዘመረ እየመጣ ጨበጣት፣ የሚያለቅሰውም አለ፣ ዜላን የምትሆነው ልጅ ምኑም ሳይገባት መጥታ ጨበጠቻት።

ዳይሬክተሩ ካሜራውን አላቆመም። ሲያበቃ «እንደዚሁ አድርጋችሁ አንዴ ድገሙልኝ» አለ። ወንድም ሆባርት «ጌታው፣ ይሄ አይደገምም» አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ፣ እኛም ተከተልናቸው።

ዝም በይ ብለውኝ ነበር። እሺ ብዬ ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም። ብድግ ብለው ይቆጡኝ፣ ድራይ ፎርክም ይቆጣኝ፣ አሁንም እፈራለሁ፣ እየፈራሁ ግን አልተውም። እማማ አላቃጠለችም። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ።

ለእኔ ምን ተሸከመችልኝ ያሉትን ለእማማ አላነበብኩላትም፣ ዘለልኩት። ያሳምማታል ብዬ ነው።

ኦርሊና ፕራተር

---

ናሽቪል፣ ማርች 9 ቀን 1980

ለልጄ ለኦርሊና፤

ልጄ ያልኩሽን ፍቀጂልኝ። እግዚአብሔር ደጃችሁን ይጠብቅ። በጋው አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ፣ እኔ አልጻፍኩልሽም። ወረቀት እያወጣሁ እመልሰው ነበር።

ትናንት ፊልሙ እዚህ በትልቁ አዳራሽ ታየ። ዘፋኞቹ ሁሉ ነበሩ፣ የራሴን ቀሚስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ሰፍቼ ነው የሄድኩት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጡኝ።

የጸሎት ቤቱ መጣ። የአንቺን ክፍል ቆርጠው አልጣሉትም። ያቺ ቀሚስ ውስጥ የተወሸቀች ልጅ የሲኒማውን መጋረጃ አክላ ብድግ አለችና ዜማውን አወጣች። ከዚያ ዳይሬክተሩ ለውበት ብሎ ይሆናል፣ ድምፅሽ ካቆመ በኋላ ትንሽ ዝምታ ተወ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያያል። ማንም አይቀበልም። እዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ብቻሽን ተንጠልጥለሽ ቀረሽ።

እኔ ተቀበልኩሽ።

አስቤ አይደለም። ከድራይ ፎርክ ከወጣሁ ጀምሮ ዘምሬ አላውቅም፤ ዘፈን የዜላ ነበር። ተነስቼ ቆሜ፣ ጮኼ፣ ያቺን መስመር እስከ መጨረሻዋ ጎተትኳት። ሰው ዞሮ አየኝ። አስተናባሪው ሮጦ መጥቶ «እመቤት፣ እባክዎ ዝም ይበሉ» አለኝ። «ልጅ እያወጣች እንዴት ዝም እላለሁ?» አልኩት። ሁለተኛውንም ተቀበልኩ። በመጋረጃው ላይ እናቴ እጅ ስትጨብጥ ታየች፣ አፏም ተከፍቶ ነበር። ሳልቀመጥ ቀረሁ።

ምድጃው ሲመጣ ቆሜ ነው ያየሁት።

ከአዳራሹ ስወጣ ጋዜጠኞች ነበሩ። አንዱ «እናትዎ ጊታሩን ሲያቃጥሉ በዓይንዎ አይተዋል ይባላል፣ እንዴት ነበር?» አለኝ። ከኋላው የኩባንያው ሰዎች ቆመው ፈገግ እያሉ ያዩኛል።

«የእናቴ ምድጃ ጠባብ አፍ ነው ያለው» አልኩት። «ጊታር አይገባበትም። ሄዳችሁ ለኩ።»

ጽፈውታል። ኩባንያው ተቆጥቷል፣ ከእንግዲህ አይጠሩኝም። ጋዜጣውን አጥፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ለእናቴ አንብቢላት።

አሁን ከናንተ የምለምነው የለኝም።

ቬስታ

---

ድራይ ፎርክ፣ ማርች 17 ቀን 1980

ለአክስቴ ለቬስታ፣

ጤናዎ ይብዛ፣ እኛ ከደህናም በላይ ነን፣ ጋዜጣውን ለእማማ አነበብኩላት፣ የምድጃውን እንደገና አንብቢ አለችኝ፣ አነበብኩ፣ እንደገና አለች፣ አነበብኩ፣ ከዚያ ተነስታ ምድጃውን በጨርቅ ወለወለችው፣ «እንግዳ ሊመጣብህ ነው፣ ሊለኩህ» አለችው።

ከዚያ የደበቅኳትን ነገር ነገርኳት፣ ለእኔ ምን ተሸከመችልኝ ብለው የነበረውን። ይቅር ይበሉኝ፣ ግን መልሱ የሚገባዎት እርስዎ ስለሆኑ ነው። የምትናደድ መስሎኝ ነበር።

«ጊታሩ በእጄ ነበር» አለች። «ዜላ ባዶ እጇን ከፊት ትሄዳለች። ጀርባዬ ላይ የነበረው ማን ነው? አምስት ዓመቷ ነበር፣ ቤት የሚይዛት የለ፣ ተራራውን በእግሯ አትችል፣ ወጥቼ እስክወርድ አንገቴን አንቃ እዚያው ተኛችብኝ። ጊታርማ ቀላል ነው፣ እንጨት ነው። ወገቤን የቆረጠችኝ እሷ ናት፣ በያት።»

ዱቄት ነበር የመሰለኝ አክስቴ።

ፊልሙ በሜይ ወደ እኛ ከተማ ሲኒማ ቤት ይመጣል አሉ። ሸለቆው ሁሉ ይሄዳል፣ ወንድም ሆባርት እንኳ፣ ዓለማዊ ነገር ነው እያሉም ይሄዳሉ። እኔ እፈራለሁ፣ ሲኒማ ገብቼ አላውቅም። ግን ተማክረናል። እኔ በመጋረጃው ላይ ሳወጣ እኛ ወንበር ላይ ሆነን እንቀበላለን፣ እዚያም አናቆምም፣ ምድጃው ሲመጣ ከወንበሬ ተነስቼ እንደገና አወጣለሁ፣ ያቺ ቆንጆ ተዋናይት እሳቱ ፊት ቆማ ምን እንደምትል አንድም ሰው አይሰማም። ባለ ሲኒማው ከፈለገ መብራቱን ያብራ፣ ከፈለገ ፖሊስ ይጥራ፣ ፖሊሱም የዶቪ ልጅ ነው፣ በወፍራም ድምፅህ ተቀበልልን ብለነዋል።

እማማ አጠገቧ ያለውን ወንበር ማንም አይቀመጥበት ብላለች፣ የኮከቧን ብርድ ልብስ ታነጥፍበታለች። የአውቶቡሱን ሰዓት ይጻፉልኝ፣ እኔ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፣ ስሜንም እነግርዎታለሁ።

ኦርሊና